የትንሿ ኤሊ ቅርፊት ለምን ለሰለሰ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ወንድሜ በባቲ መንገድ ዳር ያገኛትን፣ መዳፍ የማትሞላ የየብስ ኤሊ አምጥቶልኝ ካርቶን ውስጥ አሳድጋታለሁ። የምሰጣት ጥቅል ጎመንና ዳቦ ነው። ጠንካራ የነበረው ቅርፊቷ ሰሞኑን በጣቴ ስጫነው እንደ ፕላስቲክ ይለመጣል። አያቴ «ደርቆባት ነው፣ ቅቤ ቀቢያት» ስላለችኝ እየቀባኋት ነው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አያትሽን አክብሪያቸው፣ ቅቤውን ግን ለወጡ አድርጊው። የኤሊ ቅርፊት ከላይ እንደ ጥፍራችን ባለ ነገር የተሸፈነ ሕያው አጥንት ነው። ሲነካ ይሰማታል፣ አብሯትም ያድጋል። ቅቤና ቫዝሊን አቧራና ጀርም ከመያዝ ሌላ የሚፈይዱላት ነገር የለም። በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጽጂላት፣ ሳሙና አይንካት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ገና የተፈለፈለች ኤሊ ቅርፊቷ ትንሽ ቢለመጥ አይገርምም፤ ጠንክሮ የነበረው ሲለሰልስ ግን ብዙ ጊዜ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ቫይታሚን ዲውን የምትሠራው ከፀሐይ ነው፣ ካርቶን ውስጥ ደግሞ የምን ፀሐይ አለ! መስኮት ስር ማስቀመጥም አያዋጣም፤ መስታወቱ ሙቀቱን ያስገባና የምትፈልገውን ጨረር ያስቀረዋል። ተራ አምፖልም እንደዚያው ነው፣ ያሞቃታል እንጂ ፀሐይን አይተካም።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዱን ለአንቺ አልነግርሽም። ኤሊ ደግሞ የራሷን ሙቀት አታመነጭም፤ ከበረዳት የበላችውም በደንብ አይፈጭላትም። ስለዚህ ጠዋት 3 ሰዓት አልፎ ጉሙ ሲገፈፍ ግቢ አውጪያት፣ ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ትሙቅ፣ ግን ሲበዛባት የምትሸሽበት ጥላ አጠገቧ ይኑር፤ ትንሽ ስለሆነች ቶሎ ትግላለች። ቁራና ድመት እንዳይወስዷት የሽቦ ቅርጫት ድፊባት። ማታ ቤት አስገቢያት፣ ሲሚንቶ ላይ አታሳድሪያት።

ዳቦውን ዛሬውኑ አቁሚ። ጥቅል ጎመኑም ካልሲየሙ ትንሽ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቻ ይሁን። ቆስጣም ዋና ምግብ አይሆንም፣ በውስጡ ያለው ነገር ካልሲየሙን ይዞ ያስቀርባታል። የየብስ ኤሊ ዋና ቀለብ ሣር ነው፣ መድኃኒት ያልተረጨበት። የበለስ ቁልቋል ቅጠል ካገኘሽማ ምን ትፈልጊያለሽ! እሾሁን ልጠሽ፣ በቀጭኑ ከትፈሽ ስጫት፤ ካልሲየምም ውሃም አለው። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ፣ እንደ ዱቄት እስኪሆን ወቅጠሽ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቁንጥር ታህል ምግቧ ላይ ነስንሺ። ስጋ ግን እንዳታስለምጃት። ለብ ያለ ውሃ በዝርግ ሳህን ከአገጯ በታች እስኪደርስ ሞልተሽም ትንሽ አቆያት፣ ትጠጣለች፤ ድርቀት የበዛባት ትንሽ ኤሊ ቅርፊቷ እያበጠ ጉብታ ጉብታ ያወጣል።

ይኼ ሁሉ የሚጠቅመው ጉዳዩ ካልባሰ ነው። እግሯን የምትጎትት ወይም ምግብ እምቢ ያለች ከሆነ ቶሎ እንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ የካልሲየም መርፌ ሊያስፈልጋት ይችላል። የሰው ኪኒን በግምት እንዳትሰጫት። ከነካሻት በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የተባለ ጀርም ልትይዝ ትችላለች። ወንድምሽንም ሌላ እንዳያመጣ ንገሪው፤ የዱር እንስሳ ናት፣ መንገድ ላይ ካገኘ በምትሄድበት አቅጣጫ አሻግሯት ይለፍ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። የውሃ ኤሊዬ ከቅርፊቷ ስስ ልጣጭ እየተነሳ ነው። ልቀባት?

መልስ፦ ምንም አትቀባት፣ አትላጣትም። ስታድግ የላይኛው ስስ ሽፋን ይነሳል። ከስሩ ከቀላ፣ ከለሰለሰ ወይም ከሸተተ ግን መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፣ ሐኪም ይያት። ውሃዋን ቶሎ ቶሎ ቀይር፣ ወጥታ ሙሉ በሙሉ የምትደርቅበት ድንጋይም ፀሐይ ላይ አስቀምጥላት።