ከፈረስ ግቢ ወደ ጅረት፦ ከፋንድያው በፊት ዝናቡን አስቢው

ሰላም እህቴ። ሰንዳፋ አካባቢ ተዳፋት ላይ ባለ ግማሽ ሄክታር ግቢ ስድስት ፈረስ ታረቢያለሽ። ከግቢሽ ግርጌ ጅረት አለ፤ ክረምት በገባ ቁጥር ከታች የሚቀዱ ጎረቤቶችሽ ውሃው ሸተተ፣ ቀለሙ ተለወጠ እያሉ ይመጡብሻል። አሁን ከጅረቱ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍረሽ፣ በሲሚንቶ አስለስነሽ ፋንድያውን እዚያ ለማጠራቀም አስበሽ ያዋጣል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ሱሉልታ ላይ ፈረስ ሳረባ ብዙ ክረምት ስላለፈብኝ የማውቀውን ልጻፍልሽ። አስቀድሜ ግን፣ እባክሽ ጉድጓዱን አታስቆፍሪ። ያንን ገንዘብ ለአሸንዳና ለቦይ አውዪው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ፋንድያ ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ወደ ጅረት የሚወስደው ውሃ ነው። ከጣሪያሽ የሚወርደውና ከግቢሽ በላይ ካለው ማሳ የሚመጣው ጎርፍ ወደ ግቢሽ ሲገባ ንጹሕ ነበር፤ ሲወጣ ግን ሽንቱን፣ ፋንድያውንና ጭቃውን ይዞ ይወጣል። ጉድጓድ ይህን አያስቆምም። እንዲያውም በኛ ጥቁር አፈር ላይ ሐምሌ ሲደርስ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ስለሚል፣ ጅረት ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ ከዝናቡም ከመሬቱም ሞልቶ የሚፈሰው እዚያው ጅረት ውስጥ ነው። አፈሩ ሲረጥብ እያበጠ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ልስኑም ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ ከጣሪያው ጀምሪ። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ጋጣሽ 60 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,800 ሊትር ውሃ፣ ማለትም ዘጠኝ በርሜል፣ ፈረሶቹ በሚቆሙበት ደጃፍ ላይ ተከለበሰ ማለት ነው። ይህን ውሃ በአሸንዳ ተቀብለሽ ሮቶ ውስጥ ብታስገቢው ሁለት ነገር ታተርፊያለሽ፤ ደጃፍሽ ጭቃ አይሆንም፣ ለፈረሶቹም የሚጠጣ ውሃ ታገኚያለሽ። የኛ አገር ፈረስ እንደ ሙቀቱና እንደ ሥራው በቀን ከ15 እስከ 25 ሊትር ይጠጣል። ለስድስቱ በቀን 120 ሊትር ብታስቢ፣ የዚያ አንድ ቀን ዝናብ ለሁለት ሳምንት ይበቃሻል። ሮቶው ሲሞላ ትርፉ በቱቦ ወደ ሣር እንዲሄድ አድርጊ እንጂ ግቢው ውስጥ አይልቀቅ።

ቀጥሎ ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ማስቀየር ነው። ከጋጣውና ከፋንድያው ክምር በላይ ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልግሻል። ቁልቁለቱ በጣም ረጋ ያለ ይሁን፤ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ቢወርድ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ ቦዩ ራሱ እየተሸረሸረ ገደል ይሆናል። በክርና በውሃ ልክ ይለካል። የቀበሌያችሁ የግብርና ልማት ሠራተኛ እርከን ሲያሠራ የኖረ ሰው ስለሆነ ከሁላችንም በተሻለ ያሳይሻል፤ ጠይቂው። የቆፈርሽውን አፈር በታች በኩል ክመሪውና ሣር ትከይበት። መውጫው ግን የጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይሆን አደራ። ግንቦት ሳያልቅ መጠናቀቅ አለበት፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ጭቃ ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፋንድያው። ፈረስ በቀን ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ የሚሆን ፋንድያና ሽንት ያወጣል። 250 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ከ12 ኪሎ በላይ ነው። ስድስቱ በቀን ከ70 ኪሎ በላይ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ከ8 ቶን በላይ ያወጡልሻል፤ ጉዝጓዙ ሳይቆጠር። ይህን በየቀኑ በመንሽና በአካፋ ማንሳት ግዴታ ነው፤ አንድ ቀን ያደረ ፋንድያ በሰኮና ተረግጦ ከጭቃው ጋር ከተቦካ በኋላ የሚለየው የለም።

ክምሩን ከግቢሽ ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጊው። ከጅረቱም ከማንኛውም የውሃ ጉድጓድም ቢያንስ 50 ሜትር ቢርቅ፣ ከውሃ ጉድጓድ በላይ በኩል ደግሞ ጨርሶ ባይሆን እመክራለሁ። ከፋንድያ የሚሰርገው ናይትሬት አይታይም፣ አይሸትም፤ ቢፈላም አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1 ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት እንዳይኖር የሚለው በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ጨቅላዎች ብሎ ነው፤ ናይትሬቱ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከታች የሚቀዱት እናቶች ልጅ እንዳላቸው አትርሺ።

መሬቱን ጠቅጥቀሽ፣ ዙሪያውን በአፈር ግድብ ከልለሽ፣ ከላይ ላስቲክ ወይም ሸራ አልብሰሽ በድንጋይ ያዥው። ክምሩ ቁመቱም ወርዱም ከ1 ሜትር ካነሰ አይሞቅም፤ ካልሞቀ ደግሞ የትሉ እንቁላልና ጀርሙ አይሞትም። በደንብ የተያዘ ክምር መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ቴርሞሜትር መግዛት አያስፈልግሽም። ፌሮ ብረት መሃሉ ድረስ ሰክተሽ ጥቂት ካቆየሽው በኋላ ስታወጪው በእጅ የማይያዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ለብ ካለ ገልብጪው። አንድ እፍኝ አንስተሽ ጨምቂው፤ በጣትሽ መሃል ጠብ ጠብ ካለ እርጥበቱ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል፣ ከተበተነ ውሃ ይጨመርበት። አፍንጫ የሚሰነጥቅ የሽንት ሽታ ካለው ጭድ ጨምሪበት። ለጉዝጓዝ ሰጋቱራ የምትጠቀሚ ከሆነ መበስበሱ በጣም ይዘገያል፤ ጭድ ይሻላል፤ ካጣሽ ግን ሰጋቱራውን አሳንሺው። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ እየገለበጥሽ ከያዝሽው በጥቂት ወራት ሽታው ጠፍቶ ጥቁር አፈር የሚመስል ኮምፖስት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ግማሽ ሄክታር ለስድስት ፈረስ መፈናፈኛ እንጂ የሚበቃ ግጦሽ አይሆንም። መኖ ከውጭ እየገዛሽ ታስገቢያለሽ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ የድርቆሽ እስርና ከእያንዳንዱ ኩንታል ገብስ ጋር ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ግቢሽ ይገባል፤ ከፈረሱ ሆድ አልፎ እዚያው ይቀራል። ካልወጣ ይጠራቀማል፣ የተጠራቀመው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ጅረት ይገባል። ማሳ ላይ ማዳበሪያ የሆነው ነገር ውሃ ውስጥ አልጌና አረም ይቀልባል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የሚፋፋውም ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚወርድ እንዲህ ባለ ምግብ ነው። ከሰንዳፋ ዙሪያ ተፋሰስ የሚወርደው ውሃም ለገዳዲ ግድብ ይገባል፤ ያ ውሃ አዲስ አበባ ይጠጣዋል። ስለዚህ የበሰለው ኮምፖስት ከግቢሽ መውጣት አለበት። ድንችና ጎመን ለሚያለሙ ሰዎች ስጪ ወይም ሽጪ። ትኩሱን ፋንድያ ግን ለሰላጣና ለካሮት ማሳ አትስጪ፤ በጥሬው የሚበላ ነው። በክረምት ተዳፋት መሬት ላይ አትበትኚው፤ የሚቀጥለው ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል።

ጭቃው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፈረስ በሩና ገንዳው ዙሪያ ስለሚቆም ማጡ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጭቃው ላይ ጠጠር መድፋት ገንዘብ መቅበር ነው፤ በአንድ ክረምት ሰምጦ ይጠፋል። በበጋ ፋንድያ የተቀላቀለበትን የላይኛውን አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ አስጠርጊው፤ ከዚያ ድንጋይ ደልድዪ፣ ገረጋንቲ ጨምረሽ አስጠቅጥቂው፣ ከላይ ደቃቅ ጠጠር አልብሺው። በ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሣሩ ያዘንብል። ሰኮናቸው ሲደርቅ መበስበሱና ሽታው እንደሚቀንስ ራስሽ ታዪዋለሽ። መስኩ ሲርስ ሁሉንም እዚህ ደረቅ ቦታ ላይ ያዥያቸው፤ እርጥብ መስክ ላይ የሚለቀቅ ፈረስ ከሚግጠው የሚረግጠው ይበልጣል።

መስኩን በአጣና ወይም በገመድ ሦስት አራት ቦታ ከፍለሽ በፈረቃ አስግጪ። ከብት ሣሩን በምላሱ ጠቅልሎ ይነጫል፤ ፈረስ ግን በላይና በታች ጥርሱ ከሥሩ ይቀርጠዋል፣ የወደደውን ቦታ ደግሞ እየተመለሰ ይልጠዋል። ሣሩ ስንዝር ሲሞላ አስገቢያቸው፣ አራት ጣት ሲቀረው አውጫቸው። የተራቆተ መሬት ውሃ አይዝም፤ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

ጅረቱን እጠሪው። ፈረሶቹ ወርደው መጠጣት የለባቸውም፤ ውሃ ውስጥ ቆመው ይጥላሉ፣ ዳርቻውን እየናዱ ደለል ያወርዳሉ፣ ከረጋውም ውሃ አልቅት ይዘው ይመጣሉ። አልቅት ከአፍና ከአፍንጫ ሲያወጣ የኖረ ሰው ገንዳ ቅንጦት እንዳልሆነ ያውቃል። በርሜል ለሁለት አስቆርጠሽ ጠርዙን አስደፍነሽ ብትጠቀሚ ይበቃል። በአጥሩና በጅረቱ መካከል ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ቦታ ለሣር ልቀቂ። ደሾ የሚባለውን ሣር ትከይ፤ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ጎርፉን ያዘገየዋል፣ እያጨድሽም ለፈረሶቹ ታቀርቢዋለሽ። በየረድፉ መካከል ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ብታስገቢ የበለጠ ይጠነክራል። ባህር ዛፍ ግን እዚያ አትትከይ፤ ሥሩ ሥር ሣር አይበቅልም፣ አፈሩን ያራቁተዋል።

ስለ መድኃኒት አጭር ነገር ልበል። ኢቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መድኃኒት የወሰደ ፈረስ ፋንድያ መድኃኒቱን ለቀናት ይዞ ይወጣል፤ ፋንድያ የሚያብላላውን ጢንዚዛና የውሃ ውስጥ ነፍሳትን ይገድላል። በእነዚያ ቀናት ከጋጣ አታውጫቸው፣ ፋንድያውንም ወደ ሞቃቱ ክምር ጨምሪው። የመዥገር መድኃኒት የረጨሽበትን ዕቃ ጅረት ውስጥ እንዳታጥቢ፤ አብዛኛው ለዓሣውም ለንቡም መርዝ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጨረስ ካልቻልሽ ዘንድሮ አሸንዳውን፣ ቦዩንና የክምሩን ላስቲክ አድርጊ፤ ገንዳውና የጅረቱ አጥር ይከተላሉ፤ ገረጋንቲው ለከርሞ ይቆይ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት በሁለት ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከግቢሽ በላይና ከግቢሽ በታች ካለው ጅረት ቅጂ፣ አጠገብ ለአጠገብ አቁመሽ እያቸው። ጀርሙንና ናይትሬቱን በዓይን አታዪውም፤ ለእሱ የውሃ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። የድፍርሱ ልዩነት ግን ከአንቺ ግቢ ምን ያህል እንደሚወጣ ይነግርሻል። ስትቀጂ ቅር ያላቸውን ጎረቤቶች ይዘሻቸው ውረጂ። የተዳፋቱንና የጋጣውን ፎቶ ከላክሽልኝ ደግሞ ቦዩ በየት በኩል ቢያልፍ እንደሚሻል አብረን እናያለን።