የጠፋውን ፍሬ ፍለጋ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ የአያቴ አፕል ዛፍ አርጅቷል። ስሙን የሚያውቅ የለም። ዘሩን ብተክለው ዝርያው ይተርፋል?

አይተርፍም። የአፕል ዘር እናቱን አይመስልም። ከአንድ ፍሬ አምስት ዘር ቢያወጡ የሚበቅሉት አምስት የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ዝርያው የሚተርፈው በማዳቀል ነው፤ ማለትም ቀንበጡን ቆርጦ በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ በማጣበቅ። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ሳለ እርሳስ የሚያህል ለጋ ቀንበጥ ይቁረጡ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩት። ዛፎች ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ በሌላ አፕል ችግኝ ግንድ ላይ አጋጥመው አጥብቀው ይሰሩት። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ አረንጓዴ ሽፋን ከአቻው ጋር ካልተነካካ ቀንበጡ ይደርቃል። ስሙ ይቆይ፤ እባክዎ መጀመሪያ ዛፉን ያትርፉ።

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ልጆች የድሮ ፍሬዎችን እንዲስሉ አስበናል። ፎቶ አይበቃም?

ይሳሉ እንጂ! የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከ1886 ጀምሮ ሰዓሊዎች ቀጥሮ 7,500 ያህል የፍራፍሬ ሥዕሎች በውሃ ቀለም አሠርቷል። ፍሬውን ከውጭም ከውስጥም ነው የሳሉት። የበሰበሰውን ቦታ እንኳ አላለፉትም። ዛሬ የጠፋ ዝርያ የሚፈልጉ ሰዎች ያገኙትን ፍሬ ከእነዚህ ሥዕሎች ጋር ያስተያያሉ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ግን ኮርቢኒያን አይግነር ነው። የባቫሪያ ቄስ ነበር። ናዚዎችን በመቃወሙ ዳካው ማጎሪያ ካምፕ ታሰረ። እዚያው በእስረኞች ቤቶች መካከል የአፕል ዘር ዘርቶ አራት አዳዲስ ዝርያዎች አወጣ። አንዱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ፖስት ካርድ የሚያህሉ 900 ያህል የአፕልና የፒር ሥዕሎችም ትቶልናል። ልጅ ፍሬ ሲስል ፎቶ አንሺ የሚያልፈውን ያያል፦ የእንብርቱን ጉድጓድ፣ በአንገቱ ዙሪያ ያለውን ዝገት የመሰለ ቡናማ ልጣጭ፣ የዘሩን ቤት።

ጥያቄ፦ መሬት የለንም። ምን እናድርግ?

አንድ ዛፍ ይበቃችኋል። አሜሪካዊው ቀራጺ ሳም ቫን ኤከን በ2008 በጀመረው ሥራ በአንድ ዛፍ ላይ 40 ዓይነት ፍሬ አዳቅሏል፤ ኮክ፣ ፕሪም፣ አፕሪኮት፣ ቼሪ። የሚቻለው ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው። አፕል በፕሪም ላይ አይዝም። አንድ ትምህርት ቤት ጠይቁና ለየቤቱ አንድ አንድ ቅርንጫፍ ስጡ። የራሱ ቅርንጫፍ ያለው ሰው ዛፉን ሲቆርጡት ዝም ብሎ አያይም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱን ፍሬ በሁለት ስም ይጠሩታል። የቱን እንያዝ?

ሁለቱንም። ማን እንደነገራችሁና ቀንበጡ ከየትኛው ዛፍ እንደተቆረጠም ጨምሩበት። ዛፉ ላይ በምታንጠለጥሉት ምልክት ላይ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ፀሐይ ሲመታው ይለቃል።