ከኬሞ በኋላ እግሯ ለደነዘዘባት እናት

«እናቴ ፓክሊታክሰል የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከጨረሰች 2 ወር ሆናት፣ እግሯ ጥጥ ላይ እንደምትረግጥ ሆነባት፣ ሌላ ኪኒን ደግሞ አልውጥም ብላለች» ላልሽው፣ ከመድኃኒት ውጪ ካለው ሁሉ እኔ የማስቀድመው እንቅስቃሴን ነው።

1. በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በእግሯ ትሂድ፣ ሜዳ ላይ እንጂ ኮረብታ አትውጣ።
2. የወንበር መደገፊያ ይዛ ተረከዟን ከፍ ዝቅ፣ ከዛ በአንድ እግር 10 ሰከንድ መቆም፣ አንቺ ከጎኗ ሁነሽ፣ ምክንያቱም የደነዘዘ እግር ሚዛን ያሳጣል።

ፊዚዮቴራፒስት ካገኛችሁ የሚሻለውን ያሳያታል። አኩፓንቸር (በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠው ሕክምና) አንዳንዱን ይረዳል ይባላል፣ ግን መረጃው ገና ጠንካራ ስላልሆነ ለሱ ብላችሁ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መመላለሱን እንጃ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሙቅ የጨው ውሃ! እኛም ብርዱን ያወጣል ብለን አክስቴን እግሯን ዘፈዘፍናት፣ እሷ «ገና ለብ አላለም» እያለች እኛ እየጨመርን፣ ስታወጣው ቆዳዋ ተልጧል፣ ለካ ሙቀቱ አይሰማትም። ውሃውን አንቺ በክርንሽ ለኪው፣ እሳት ዳርም እግሯን አታስጠጋ፣ ማታ ማታ መርገጫዋን እዪላት። መደንዘዙ ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ ወይ መውደቅ ከጀመረች ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪሟ ንገሩ።