«እዚያ ሕግ የለም» ላሉሽ

«ስሜ ይቆይ» ያለች የሕግ ተማሪ የላከችልኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል።

«ዘንድሮ እመረቃለሁ። ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት ወጣት ጥፋተኞች በሚዳኙበት ችሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አይታየኝም። አንድ ነባር ጠበቃ ግን ‹እዚያ ሕግ የለም፣ ያለው ምክርና ተግሣጽ ነው፤ ሁለት ዓመት ብትቀመጪ የተማርሽውን ትረሺዋለሽ› አሉኝ። አባቴ ደግሞ ባንክ የሕግ ክፍል እንድገባ ይፈልጋል፤ ‹ለፍቼ ያስተማርኩሽ ለሌባ ልጆች ጥብቅና እንድትቆሚ አይደለም› ይላል። የወንድሞቼን ትምህርት ማገዝም አለብኝ። ሁለተኛ ዲግሪ ብቀጥልስ? ደግሞም አንድ ቀን ችሎት ውስጥ አልቅሻለሁ፤ ለዚህ ሥራ አልሆንም ማለት ነው?»

እህቴ፣ ከጥያቄዎችሽ መካከል የአባትሽ ጉዳይ ይበልጥ እንደሚያስጨንቅሽ ይገባኛል። እኔን ከወንበሬ ያስነሣኝ ግን የጠበቃው ንግግር ነው። ይህንኑ ቃል ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ይባስ ብሎም አምኜዋለሁ። ስለዚህ ብዙውን ቀለሜን እዚህ ላይ ባፈስ አትቀየሚኝ።

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ጄራልድ ጎልት የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ለአንዲት ጎረቤት ስልክ ደውሎ ብልግና ተናግሯል ተብሎ ተያዘ። ወላጆቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ልጃችሁን ይዘነዋል ብሎ መልእክት የተወላቸው ሰው አልነበረም። ጠበቃ አልቆመለትም። ከሳሿ አንድም ቀን ዳኛው ፊት አልቀረበችም፤ በችሎቱ የተባለውን በጽሑፍ ያሰፈረም የለም። ዳኛው ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በወጣቶች ማረሚያ እንዲቆይ አዘዘ፤ ስድስት ዓመት ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ያንኑ ቃል የተናገረው ዐዋቂ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ያስቀመጠለት ቅጣት ከ5 እስከ 50 ዶላር መቀጮ ወይም ቢበዛ የሁለት ወር እስራት ነበር። ልጁ ይግባኝ የማለት መብት እንኳ አልነበረውም።

ይህን ያደረገው ጨካኝ ሥርዓት ነበር ብለሽ እንዳታልፊው። የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1899 በቺካጎ ሲቋቋም መነሻው ርኅራኄ ነበር፤ ልጅን ከዐዋቂ ወንጀለኛ ጋር አንድ ክፍል መዝጋት ይቅር፣ ዳኛው እንደ አባት ይሁነው ተባለ። አባት ካለ ደግሞ ጠበቃ ምን ያደርጋል? ክርክሩ ምን ይሠራል? «ይህ ቅጣት አይደለም፣ ለልጁ ጥቅም ነው» የሚለው ቃል ማስረጃ መጠየቅን እንደ ነውር አስቆጠረው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጎልት ወላጆች ‹ልጃችን ይለቀቅ› ብለው በጀመሩት ሌላ አቤቱታ የደረሰውን ጉዳይ ተመልክቶ ልጅም የክሱን ምንነት የማወቅ፣ ጠበቃ የማግኘት፣ ራሱን ላለመወንጀል ዝም የማለትና የመሰከረበትን ሰው በመስቀለኛ ጥያቄ የመፈተን መብት አለው ያለው በ1967 ነው። እስከዚያ ድረስ፣ 68 ዓመት ሙሉ፣ ብዙ ሰው እንደ ጠበቃሽ «እዚያ ሕግ የለም» ሲል ነበር። ልክም ነበር! ዋጋውን የከፈሉት ግን ልጆቹ ናቸው።

ታዲያ ልጆቹን ከዐዋቂዎች ጋር በአንድ ችሎት እንዳኛቸው እንበል? ይህም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1993 እንግሊዝ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን በመግደል የተከሰሱ ሁለት ልጆች፣ ድርጊቱን ሲፈጽሙ 10 ዓመታቸው፣ ችሎት ሲቀርቡ 11፣ በዐዋቂዎች ፍርድ ቤት ለሳምንታት ተዳኙ። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ክርክሩን ማየት እንዲችሉ የሚቀመጡበት ቦታ ከፍ ተደረገላቸው። ለእነርሱ ተብሎ የተደረገው ነገር አዳራሹን ለሞላው ሰው ዓይን ይበልጥ አጋለጣቸው። ጠበቆች ነበሯቸው፤ ሥነ ሥርዓቱም ተሟልቶ ነበር። ሆኖም የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1999 ልጆቹ በገዛ ክሳቸው ክርክር በተጨባጭ መሳተፍ ስላልቻሉ ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኙም ሲል ወሰነ።

እንግዲህ ሥራሽ በእነዚህ ሁለት ጥፋቶች መካከል ነው። አንደኛው ልጁን ስለሚወድደው ማስረጃ አይጠይቅም፤ ሁለተኛው ማስረጃ ይጠይቃል፣ የሚጠየቀው ልጅ መሆኑን ግን ይረሳል። ጠበቃሽ «ምክርና ተግሣጽ» ያሉት ቦታ፣ የሕጉን ፊደል የሚያውቅ ሰው ከሌለበት፣ በደል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚፈጸምበት ቦታ ይሆናል።

ሕጉም ቢሆን እንዲህ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ከ9 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከወንጀል ተጠያቂነት ውጪ ያደርጋል። ከ9 እስከ 15 ላለው ለይቶ ያወጣቸው እርምጃዎችና ቅጣቶች አሉት፤ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት አለ፣ በጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባትም አለ። 15 ዓመቱን ያለፈ ግን፣ 18 ባይሞላውም፣ በመሠረቱ የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው፤ የሞት ቅጣት አይፈረድበትም፣ ዳኛውም ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። «ሊያቀልለት ይችላል» የምትለዋን ቃል ልብ በያት። አያቀልለትምም ይሆናል ማለት ናት፤ የሚያቀልለት አንድ ሰው ቆሞ ምክንያቱን ካስረዳ ነው። የጀርመን ሕግ ደግሞ ድንበሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከ18 እስከ 20 ዓመት ያለ ወጣት አእምሮው ገና ያልበሰለ መሆኑ ከታየ በወጣቶች ሕግ ሊዳኝ ይችላል። በአንዱ አገር የ16 ዓመቱ ወደ ዐዋቂዎቹ ይጠጋል፣ በሌላው የ20 ዓመቱ ወደ ልጆቹ። ይህን ሁሉ ተከራክሮ መጻፍ የተማረውን የሚያስረሳ ሰው ካለ፣ መጀመሪያውንም አልተማረም።

ስለዚህ ሂጂ። ግን ነገ አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በዐዋቂዎች የወንጀል ችሎት ሥሪ፤ ዐቃቤ ሕግ ብትሆኚም ተከላካይ ጠበቃ ብትሆኚም ግድ የለኝም። ምስክር መጠየቅ፣ የእምነት ቃል በምን ሁኔታ እንደ ተሰጠ መመርመር፣ መቃወሚያ ማንሣት፣ ይግባኝ መጻፍ እዚያ ይለመዳል። የልጆቹ ችሎት ስትደርሺ ሁሉም ሰው ለስለስ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው፤ በዚያ ለስላሳ ድምፅ መሐል «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ግን አልተረጋገጠም» ለማለት በሌላ ቦታ የጠነከረ ጉሮሮ ያስፈልጋል። ልጅ መውደድ ብቻውን አያደርስሽም። የሚወዷቸው ሰዎች ሞልተዋል።

አባትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ልፋታቸው ትልቅ ነው፤ ብድር ግን አይደለም፣ በሙያ ምርጫሽም የሚከፈል አይደለም። «የሌባ ልጆች» ላሉት ደግሞ ጥፋተኛ መሆን አለመሆናቸው ገና ያልተወሰነ ልጆች መሆናቸውን ንገሪያቸው፤ ከዚህ በላይ አትሟገቺ። የወንድሞችሽ የትምህርት ወጪ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ እውነተኛ ጫና ነው። ሆኖም ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቁጥር አላየሁም። በየወሩ ስንት ነው የሚጠበቅብሽ? ለስንት ዓመት? ወረቀት ላይ አውርጂውና ዐቃቤ ሕግነት ከሚከፍለው ጋር አስተያዪው፤ ካልበቃ ባንኩ ግቢ፣ እኔም አልወቅስሽም፣ ግን ስንት ዓመት እንደምትቆዪ ከመግባትሽ በፊት ወስነሽ ግቢ። ቀን ሳይቆርጡ ገብተው የቀሩ ብዙ አውቃለሁ።

ሁለተኛ ዲግሪው ይቆይ፤ የምትጠይቂውን ጥያቄ ችሎቱ ራሱ ይሰጥሻል።

ስለ ማልቀስሽ የጻፍሽው ነው የቀረኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከስሼ ነበር። አላለቀስኩም። ዳኛው ለጠየቁት ሁሉ «አዎ ጌታዬ» ይል ነበር፤ ክሱ ገባህ ሲባልም «አዎ ጌታዬ»፣ የምትለው አለ ሲባልም «አዎ ጌታዬ»፣ ከዚያም ዝም። እኔም መዝገቡ ቶሎ በመዘጋቱ ደስ አለኝ። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ አጃቢው ፖሊስ ወረቀት ሲያስፈርም፣ ልጁ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «አሁን ወደ ቤት ነው የምሄደው?» አለኝ። ሁለት ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ፋይሌን ብብቴ ሥር እንደያዝኩ «ጠበቃህን ጠይቅ» ብዬው አለፍኩ።

ጠበቃ አልነበረውም።