አያቴ የነገሩኝ ነገር እንደ ሶርስ ይቆጠራል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው፣ የሂስትሪ ተማሪ ነኝ። ሲኒየር ኢሴዬን ስለ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ልሰራ ነበር ግን አድቫይዘሬ ፕራይመሪ ሶርስ (በጊዜው ከነበረ ሰው ወይ ሰነድ በቀጥታ የሚገኝ ምንጭ) አምጪ አለኝ፣ በእጄ ያለው ደሞ ከዊኪፒዲያና ከቴሌግራም ያወረድኩት ብቻ ነው። አያቴ ድሮ እዛ አገዳ ቆራጭ ነበሩ፣ ብዙ ነገር ያወሩኛል። የሳቸው ይቆጠራል?

መልስ፦ እንዴታ! ይቆጠራል እንጂ፣ ግን መጀመሪያ ጥያቄሽን አጥብቢው። ፋብሪካው በ1946 ማምረት ጀመረ፣ ኤችቪኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ያስተዳድረው ነበር፣ በ1967 ደርግ ወረሰው፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ኢሴይ አያልቅም። "ከውርሱ በፊት አገዳ ቆራጮች እንዴት ነበር የሚቀጠሩት፣ ስንትስ ይከፈላቸው ነበር" ብትዪ ግን አያትሽ ዋና ምስክር ሆኑ ማለት ነው። የ1946 አዲስ ዘመን ጋዜጣም ፕራይመሪ ነው፣ ግን እሱ የሚያሳይሽ መንግስት ፋብሪካውን ለህዝብ እንዴት እንዳቀረበው ነው፣ ስለ ቆራጩ ኑሮ እሱ ላይ ብቻ ተደግፈሽ እንዳትጽፊ። ማን ጻፈው፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ሁሌም ጠይቂ።

አያትሽን አስፈቅደሽ ቅጂያቸው፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቢ። "በደል ነበር አይደል?" ብለሽ መልሱን አፋቸው ውስጥ አትክተቺ፣ "ጠዋት ከቤት ከወጡ እስከ ማታ ምን ይሰሩ ነበር" በያቸው፣ ራሳቸው ያወሩታል። አመተ ምህረት ከጠፋባቸው "ከታህሳስ ግርግር በፊት ነው በኋላ?" እያልሽ አስታውሻቸው፣ እሱ 1953 ስለሆነ ጊዜውን ያቀርብልሻል። የድሮ የስራ መታወቂያ ወይ የደሞዝ ወረቀት ካላቸው ፎቶ አንሺው። ደሞ በሳቸው ብቻ አትቁሚ፣ ካቦ (የሰራተኞች አለቃ) የነበረ ሰው ካገኘሽ እሱንም አናግሪ፣ ቆራጩና ካቦው ስለ አንድ ቀን የሚያወሩት ላይገናኝ ይችላል፣ ያ ልዩነት ራሱ ለኢሴይሽ ትልቅ ነገር ነው።

ዊኪፒዲያን ግርጌ ላይ ያሉትን ምንጮች ለማግኘት ተጠቀሚበት እንጂ አትጥቀሺው። ቴሌግራም ላይ ያለ ፎቶም ማን መቼ እንዳነሳው ካልታወቀ ማስረጃ አይሆንም።

የውጭ መጽሐፍ ላይ 1954 የሚለው የፈረንጅ ነው፣ በኛ 1946 መሆኑን አትርሺ፣ አለበለዚያ የማይሆን አመት ጋዜጣ ስታገላብጪ ትውያለሽ። ለጋዜጣው ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት)፣ ለድሮ የመመረቂያ ጽሁፎች ደሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂጂ፣ ከዲፓርትመንትሽ የትብብር ደብዳቤ ሳትይዢ ግን ከአዳማ እንዳትነሺ።