የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥንቶ ወዴት ይኬዳል?

ጥያቄ፦ ቢቸና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ እኔም ግእዝ አነባለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ታሪክ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ዘመዶቼ ግን «እንጀራ አይሆንሽም» ይሉኛል።

መልስ፦ እኅታችን፣ ዘመዶችሽ የሰጉት በከንቱ አይደለም። በዚህ ሙያ ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም በዚህ ስም የመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጡም። በማኅበራዊ ሳይንስ ገብተሽ ታሪክና ቅርስ አስተዳደር ወይም አርኪዮሎጂ ያዢ፤ የሥነ ጥበብ ታሪክን በሁለተኛ ዲግሪ ትቀጥያለሽ። የትምህርት ክፍል ድልድሉ ውጤት ስለሚያይ ፍሬሽማን ላይ እንዳትዘናጊ።

ግእዝሽ ትልቅ ስንቅ ነው። በጣና ሐይቅ ደሴት ባለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እንዲህ ያለ ሥዕል ላይ የአሠሪው ስም ከተነበበ ዘመኑ ይታወቃል፤ ብዙ ተመራቂ ግን ጽሑፉን ማንበብ ያቅተዋል። ጽሑፍ ከሌለ አሣሣሉ ይመረመራል። እመቤታችን እጆቿን አነባብራ መሐረብ ይዛ ከሆነ፣ አምሳያው በኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ሚስዮናውያን አማካይነት ከሮም የገባው በ1600 ገደማ (እንደ አውሮፓውያን) ነውና ሥዕሉ ከዚያ አይቀድምም ተብሎ ይገመታል። አቆጣጠሩን ሁልጊዜ ጻፊ፤ ሳይጻፍ ሲቀር ዘመኑ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይዛባል።

የጣና ገዳማት የሆኑት ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። የ15ኛው መቶ ዘመን ሠዓሊ የፍሬ ጽዮንን የዳጋ ሥዕል በፎቶግራፍ ታጠኚዋለሽ፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» የሚባል የፎቶ ክምችት አለው። እዚያው ጣና ያሉትን ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና ናርጋን ግን ራስሽ ገብተሽ ታያለሽ።

ሥራውን በተመለከተ፦ የዞንና የወረዳ ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ ሙዚየም፣ ማስተማር፣ የብራና መጻሕፍት ዲጂታል ቀረጻ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ አስጎብኚነት አለ። አስጎብኚነት ቶሎ ገንዘብ ያስገኛል፤ እንግዳ ሲጠፋ ግን ገቢው አብሮ ይጠፋልና ብቻውን አትመኪበት። ሥዕል መጠገን ከፈለግሽ ኬሚስትሪ የሚጠይቅ ሌላ ሙያ ነው።

ቀጣሪ የሚፈልገው በትክክል መመዝገብ የሚችል ሰው ነው፤ ይህን ዛሬውኑ ጀምሪ። ከሀገረ ስብከቱና ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ ያዢ፤ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ደብራችሁ ስትሄጂ ቄሰ ገበዙን አስፈቅጂ። የገበታ (በእንጨት ሰሌዳ ላይ የተሣለ) ሥዕል ከሆነ ቁመቱን፣ ወርዱንና ውፍረቱን በሴንቲሜትር ለኪ። ማስመሪያ ከጎኑ አድርገሽ ፊቱንም ጀርባውንም ያለ ፍላሽ አንሺ። ጽሑፉን ከነስሕተቱ ገልብጪ፤ ፊደሉን «ካስተካከልሽው» የጸሐፊው አሻራ ይጠፋል። ቀለሙ የተላቀቀበትንም ቦታ ለይተሽ ጻፊ። ደምቆ እንዲታይ ብለሽ በእርጥብ ጨርቅ አታብሺ፤ በድሮ ሥዕሎች ቀለሙን የያዘው ከእንስሳት የሚወጣ ሙጫ ስለሆነ ውኃ ይፈታዋል።

አንዱን ቅጂ ለቤተ ክርስቲያኑ ተዪ። ሥዕል ተሰርቆ ሲገኝ «የኛ ነው» ብሎ ለማስመለስ ፎቶውና ልኬቱ ማስረጃ ይሆናሉ።