ከስዋንሲ ለጻፍሽልኝ እህቴ፦ ሥራሽን ገና አትልቀቂ

እህቴ፣ ደብዳቤሽና የላክሻቸው 20 ፎቶዎች ደርሰውኛል። ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ታሪክሽን ባጭሩ ልድገመው። ዕድሜሽ 31 ነው። የምትኖሪው በዌልስ፣ በስዋንሲ ከተማ ነው። ኬር ሆም ውስጥ በሌሊት ሺፍት አረጋውያንን ትንከባከቢያለሽ። የመኖሪያ ፈቃድሽ ማንኛውንም ሥራ ያሠራሻል። ከሦስት ዓመት በፊት ያገለገለ ካሜራ ገዛሽ። ከዚያ ወዲህ እረፍት ባገኘሽ ቁጥር አውቶብስ ተሳፍረሽ ወደ ጋወር ባሕረ ገብ መሬት ትሄጃለሽ። ጓደኞችሽ «አንቺማ ፎቶግራፈር ነሽ» ይሉሻል። ባለቤትሽ ደግሞ ነገሩን እንደ ጨዋታ ያየዋል። ጥያቄሽ ይህ ነው፦ «ሥራዬን ለቅቄ፣ 3,000 ፓውንድ ተበድሬ ጥሩ ካሜራ ልግዛና የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ ልሁን?»

አትልቀቂ። ብድሩንም ተይው። ይህን ስልሽ ግን ካሜራውን አስቀምጪው ማለቴ አይደለም።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንጨርሰው። የመልክዓ ምድር ፎቶ በመሸጥ ብቻ ቤት ኪራይ መክፈል የሚችል ሰው በጣም ጥቂት ነው። የዌልስ የባሕር ዳርቻ የእግር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲከፈት 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ከዚያ መንገድ ላይ ያልተነሳ ገደል ያለ አይመስለኝም። ፎቶሽን አዶቤ ስቶክ የሚባለው የፎቶ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ብታወጪው ከሽያጩ የሚደርስሽ 33 በመቶ ነው፤ ሽያጩ ራሱ ብዙ ጊዜ ሳንቲም ነው። በዚህ ሥራ የቆዩት ሰዎችም አብዛኞቹ የሚኖሩት ሌላ ነገር ደርበው ነው። ሰው ያስተምራሉ፣ ሠርግ ያነሳሉ፣ ለእንግዳ የሚከራዩ ቤቶችን ፎቶ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ፎቶዎችሽ ልምጣ። እኔ የሙያ አማካሪ ነኝ፣ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። የቆየሁባቸውንና ያለፍኳቸውን ግን ልንገርሽ። ከ20ዎቹ 14ቱ ጋወር ላይ ያለው የሮሲሊ ባሕር ዳርቻ ጀምበር መጥለቂያ ናቸው። ሰማዩ ቀልቷል፣ ወርምስ ሄድ የሚሉት ዘንዶ የመሰለ ድንጋይ ባሕሩ ውስጥ ተዘርግቷል። ያምራሉ። ግን ተመሳሳያቸውን ብዙ ቦታ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1887 እዚያው አሸዋ ላይ የተሰበረችው የሄልቬሺያ መርከብ የጎድን አጥንቶችም እንደዚያው ናቸው።

አስራ ሰባተኛው ፎቶ ግን አስቆመኝ። የጀምበር ቀለም የለውም። ባሕሩ ሸሽቷል፣ ጭቃው ግራጫ ነው፣ አንድ የተጎተተ ነገር ፋና ጭቃው ላይ ቀርቷል። ከሥሩ የጻፍሽው እንዲህ ይላል፦ «ፔንክላውድ። እዚህ ቦታ ሂጂ ያሉኝ የምንከባከባቸው እናት ናቸው። አያታቸው በአህያ እየሄዱ ኮክል ይለቅሙ ነበር አሉኝ።» ኮክል ለማያውቁ፣ ዛጎል ውስጥ ያለ ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። የፔንክላውድ ሴቶች ውሃው ሲጎድል ከአሸዋው ውስጥ እየለቀሙ፣ በአህያ ጭነው፣ ስዋንሲ ገበያ ድረስ ወስደው ይሸጡ ነበር። ያ ፎቶ ውስጥ አንድም ሰው የለም። እኔ ግን ሰዎቹን አየኋቸው።

እንግዲህ ያለሽ ሀብት ይህ ነው። በጋወር ዙሪያ ካንቺ የተሻለ ካሜራ የያዘ ሰው ሞልቷል። እነዚያ አዛውንቶች ከእንቅልፋቸው ባነኑ ጊዜ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ የልጅነት ቦታቸውን የሚነግሩት ግን ላንቺ ነው። መሄድ የማይችሉበትን ቦታ ነው የሚነግሩሽ። አንቺ ደግሞ መሄድ ትችያለሽ።

ስለዚህ የሙያ ምክሬ ከዚያው ከኬር ሆሙ ይጀምራል። ብዙ ኬር ሆሞች አክቲቪቲ ኮኦርዲኔተር የሚሉት ሠራተኛ አላቸው። ነዋሪዎቹን በሙዚቃ፣ በሥዕል፣ በድሮ ትዝታ የሚያጫውት ሰው ነው። ሥራው በአብዛኛው የቀን ነው። ደመወዙ ካሁኑ እምብዛም ላይለይ ይችላል፤ የሌሊት ተጨማሪ ክፍያሽንም ታጪ ይሆናል። ይህን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ግን ፎቶሽንና እንጀራሽን አንድ ላይ የሚያመጣ በር ይህ ነው። ዌልስ ውስጥ ኪነ ጥበብን ከጤና ጋር አገናኝተው የሚሠሩ ሰዎች የራሳቸው ኔትወርክ አላቸው፤ የዌልስ ኪነ ጥበብ፣ ጤናና ደህንነት ኔትወርክ ይባላል። ፈልጊያቸው። የአንቺ ዓይነት ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ ብዙ አያገኙም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አደራ። የነዋሪዎቹን ፊት፣ ስም ወይም ታሪክ ያለ ራሳቸው ፈቃድና ያለ ኃላፊሽ እውቅና የትም አታውጪ። የመርሳት ችግር ካለባቸው ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ቦታውን አንሺ፣ ሰዎቹን ጠብቂ።

«በሌሊት ሥራ ምክንያት ብርሃኑ ያመልጠኛል» ብለሽ ተማርረሻል። በዚያ አገር በጋ እውነትሽን ነው። በሰኔ ስዋንሲ ላይ ፀሐይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። በታኅሣሥ ግን ፀሐይዋ የምትወጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ልክ አንቺ ከሥራ ስትወጪ። እኛ አገር ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፣ ጥላም ይጠፋል። እዚያ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ እንኳ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ጥላው ይረዝማል። ሌሎች ካሜራቸውን የሚከቱበት የዚያ አገር ክረምት ያንቺ ወቅት ነው።

ሌሊቱን ሳትተኚ ብቻሽን ወደ ወርምስ ሄድ እንዳትሻገሪ ግን እለምንሻለሁ። ወደ ድንጋዩ በእግር መሻገር የሚቻለው ባሕሩ በጣም ከጎደለበት ሰዓት በፊትና በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዚያ በኩል የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ልዩነት ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነው፤ ውሃው ሲመለስ ቶሎ ነው የሚመለስ። የደከመ ሰው ሰዓት ይረሳል። ከሺፍት ስትወጪ ከሆነ ከላይ ከገደሉ መንገድ ላይ ሆነሽ አንሺ፣ ያውም ከጫፉ ራቅ ብለሽ።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ትንሽ ልበል። ከግል ሥራ በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የሚገባ ገንዘብ ግብር የለበትም፤ ካለፈ ጉዳዩን ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ጨርሺ። የግብር ዓመቱ ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ነው። ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በሚያስተዳድረው መሬት ላይ፣ ሮሲሊንም ጨምሮ፣ ለራስሽ ፎቶ ማንሳት ትችያለሽ፤ ለንግድ ከሆነ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ቢዝነስ ዌልስና ኬሪየርስ ዌልስ የሚባሉት የንግድና የሥራ አማካሪ ተቋማት በነጻ ያማክራሉ፣ ቀጠሮ ያዢ።

«ዲግሪ የለኝም» ላልሽው፣ ዴቪድ ሁርንን አስቢ። ማግነም የሚባለው ዝነኛ የፎቶ አንሺዎች ማኅበር አባል ነው፤ ፎቶ የተማረው በራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በዌልስ ኒውፖርት ከተማ የዶክመንተሪ ፎቶግራፊ ትምህርት ቤት መሠረተ፣ ከዚያም ዓመታትን የዌልስን ሰዎች ሲያነሳ ኖረ። ትምህርት መጥፎ ነው አልልም። ግን ከትምህርቱ በፊት ሥራሽ ይኑር። ሮያል ፎቶግራፊክ ሶሳይቲ የሚባለው የብሪታንያ የፎቶግራፍ ማኅበር የሚሰጠውን የመጀመሪያ ማዕረግ ለማግኘት የሚቀርበው 10 ፎቶ ነው። ያንን ግብ አድርጊው። አስሩም አዛውንቶቹ የነገሩሽ ቦታዎች ይሁኑ፤ ባለሽ ካሜራ ይበቃል። ወጪ ማውጣት ካማረሽ ጠንካራ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) እና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ግዢ። የሐበሻ ሠርግና ክርስትና እንድታነሺ ከተጠራሽም ሂጂ፤ ደንበኛ መያዝና ዋጋ መናገር የምትለምጂው እዚያ ነው።

አንድ ነገር በደብዳቤሽ አላገኘሁም። የፔንክላውዱን ፎቶ ለእኚያ እናት አሳየሻቸው ወይ? ካላሳየሻቸው ተለቅ አድርገሽ አሳትሚው። በሚቀጥለው ተራሽ ይዘሽላቸው ሂጂ፣ ያሉሽንም ጻፊልኝ።